ለጸሐይወርቅ ቤት የፈጠርኩት ወንድ

ወደ ሐዋሳ የሚመጣ ሰው ስልክ ደውሎ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ አልጋው አይደለም። «ሰፈሩ ሰላም ነው ወይ?» ይለኛል። እኔም በሆዴ «አንተስ ሰላም ነህ ወይ?» እላለሁ። ሰው ሁሉ ሌባ የሚመስለው የሚሄድበት ከተማ ሰው ነው። ሌባ ሻንጣ አንጠልጥሎ ከአውቶቡስ ሊወርድ እንደሚችል ማንም አያስብም።

ዕፀገነት እባላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀብያለሁ። ክራባት ያሰረ፣ በየጠዋቱ «እንዴት አደርሽ እህቴ» የሚለኝ ሰውዬ የክፍሉን ቴሌቪዥን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በሻንጣ ይዞ ሲወጣ በሩን የከፈትኩለት እኔው ነኝ። «መልካም መንገድ» ብዬዋለሁ ደግሞ! ሥራ አስኪያጁ ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ደህና አደርሽ አላለኝም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ከአያቱ ይሰማዋል፣ እኔ ከዚያ ሻንጣ ነው የተማርኩት።

ከሆቴሉ ከወጣሁ በኋላ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው ቤቴ ላይ በመንገዱ በኩል አንድ ክፍል አሠርቼ ለእንግዳ ማከራየት ጀመርኩ። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ወደ መንገዱ የሚያሳይ መስኮት አለው። መታወቂያውን ያላሳየኝ ሰው እኔ ቤት አያድርም። ስሙን፣ ከተማውን፣ ቀበሌውን፣ የቤት ቁጥሩን ሳይቀር በደብተር እጽፋለሁ። «ፖሊስ ነሽ እንዴ?» ብሎ የሚቆጣ አለ። ይቆጣ! ቴሌቪዥን ደግሞ አላስገባሁም።

ለማያውቀው ከተማ ሰፈር እንዴት እንደሚመረጥ ለሚጠይቀኝ ምክሬ አንድ ነው። የመንገድ መብራት አትቁጠር፣ የአጥሩንም ቁመት አትይ። ሱቅ ገብተህ ውሃ ግዛ። ባለሱቋ «ማን ቤት ነው የመጣኸው?» ካለችህ እዚያ እደር። ዝም ብላ መልስህን ቆጥራ ከሰጠችህ ሌላ ሰፈር ፈልግ። የኛዋ ባለሱቅ ኑሪያ ውሃውን ሳታቀብልህ የአያትህን ስም ታውቃለች።

ከእንግዳው ክፍል መስኮት ፊት ለፊት አረንጓዴ በር አለ፣ የጸሐይወርቅ ቤት ነው። ጸሐይወርቅ አስተማሪ ናት። ባሏ ከሞተ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። ያለቻት አንዲት ልጅ፣ ማህሌት ናት፣ እሷም ፒያሳ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። በዚያ ግቢ ውስጥ ሁለት ሴቶች ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ወንድ የሚባል የለም። እኔም ብቻዬን ስለምኖር ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ። በራቸው ሲቆለፍ ድምፁን ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ደወለ።

«ክፍል አለሽ ተብዬ ነበር። ሰፈሩ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው ጌታዬ።»

«ጎረቤቱ ይተዋወቃል?»

«እንዴት አይተዋወቅ!»

«ክፍሉ አረንጓዴ በር ካለው ግቢ ፊት ለፊት ነው የሚባለው እውነት ነው?»

ጆሮዬን አቆምኩ። ስለ ሐይቁ የሚጠይቅ አለ፣ ስለ ሙቅ ውሃ የሚጠይቅ አለ። ስለ ጎረቤቴ በር የጠየቀኝ ግን እሱ የመጀመሪያው ነው። ቁጥሬን ማን እንደሰጠው ብጠይቀው «ባለባጃጁ» አለኝ። አልአዛር ነው፣ የሰፈራችን ልጅ። እንግዳ ከመናኸሪያ ያመጣልኛል።

ሰውዬው ደረሰ። ስድሳ ዓመት የሚሆነው፣ ኮት የለበሰ፣ ጫማው የተወለወለ ሰው ነው። ክራባትም አስሯል። ክራባቱን ሳይ ያ ቴሌቪዥን ትዝ አለኝ። መታወቂያውን ተቀብዬ «አለሙ» ብዬ ጻፍኩ፣ ከተማው አዳማ።

«ለምን ጉዳይ መጡ?» አልኩት።

«እንዲሁ፣ አገር ለማየት።»

እሺ ይሁን። አገር ሊያይ የመጣ ሰው ሐይቁን ሳያይ ይቀመጣል? ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርዶ አንድ ዓሣ ሳይበላ? የእኔው ጉድ ግን ወንበሩን መስኮቱ ሥር አስጠግቶ፣ እግሩን አጣምሮ፣ አረንጓዴውን በር ይመለከት ጀመር። አንድ ሰዓት ቆይቼ ባልፍ እዚያው ነው። ሻይ አፈላሁና ይዤለት ገባሁ። ሻይ የመውሰድ ግዴታ የለብኝም፣ ልሰልለው ነው የገባሁት።

«ያ ግቢ የማን ነው?» አለኝ።

«የሰው ነው።»

ሳቅ አለ። «የተከበሩ ሰዎች ናቸው?»

«ምነው?»

«እንዲሁ ነው። ስንት ሆነው ይኖራሉ? ቤቱ የራሳቸው ነው ወይስ ኪራይ?» ደግሞ ትንሽ ቆየና «ልጅቱ ከሥራ ስንት ሰዓት ነው የምትገባው? ማን ያደርሳታል? ወንድ አለ በቤቱ?» አለ።

ወንድ አለ በቤቱ! ይህን ከሌባ በቀር ማን ይጠይቃል? የለም ብለው ደግሞ ምን ሊከተል እንደሚችል ታየኝ። ደሜ ፈላ፣ ፈራሁም። አፌ እኔን ሳያማክር ተናገረ።

«አለ እንጂ! ወንድሟ አለ። ሳምሶን ይባላል።»

ሰውዬው ቀና አለ። «ወንድም? ወንድም እንዳላት አልሰማሁም ነበር።»

አልሰማሁም ነበር ይላል! ከማን ነው የሚሰማው? አስጠንቶ ነዋ የመጣው። ከኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ ሊጽፍ ሲያመቻች ሳይ ጨርሶ ለየልኝ። «ሰው ደብድቦ ታስሮ ነበር፣ ለፋሲካ ተፈታ» አልኩት። «ቀን ቀን ይተኛል። ትራሱ ሥር ገጀራ አለ። እናቱ ራሷ ትፈራዋለች። ሰው ሲጠይቃቸው ግን ወንድ ልጅ የለንም ነው የሚሉት፣ አፍረውበት።» ይህችን የመጨረሻዋን ለምን እንደጨመርኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ውሸቱ ጣፈጠኝ መሰለኝ።

ከዚያ በጓሮ በር ወጥቼ ወደ ኑሪያ ሱቅ ሮጥኩ። አልአዛርም ባጃጁን አቁሞ እዚያው ለስላሳ ይጠጣል።

«ወላሂ እኔንም ጠይቆኛል!» አለች ኑሪያ። «ስለነሱ የምትነግሪኝ ነገር አለ ወይ ብሎኝ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ፣ ነገ ይምጡ አልኩት። ዓይኑ አላማረኝም።»

«ነገ ሲመጣ ሳምሶን አለ በይው።»

«ማነው ሳምሶን?»

ነገርኳቸው። ረጅም፣ ጠይም፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው እንዲሆን ተስማማን። ሦስታችንም አንድ ቃል እንድንናገር አስጠናኋቸው። አልአዛር ደስ ብሎት «እኔን በጩቤ ሊወጋኝ ነበር ልበለው?» አለኝ። በለው ግን አታብዛው አልኩት። በማግስቱ ጠዋት ሰውዬው ሲጠይቀው ግን እጅጌውን ሰብስቦ፣ ድሮ ከብስክሌት ወድቆ ያገኘውን ጠባሳ አሳይቶ በሬ ወለደ አለው። ኑሪያም ያስጠናኋትን ቃል በቃል ነገረችው።

እንግዳዬ ከዚያ በኋላ አልቆየም። ሻንጣውን ይዞ መጣና በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ» አለኝ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «ከብዙ ጣጣ ነው ያዳንሽን።»

ሌባ አመስግኖ ሲሄድ ማየት ለእኔም አዲስ ነበር። ግን ኩራት ውስጤን ሞላው። ሱቁ በር ላይ ሆነን ሦስታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ለጸሐይወርቅ አልነገርኳትም፣ ትደነግጣለች ብዬ ነው።

በአራተኛው ቀን ጸሐይወርቅ ወደ እኔ መጣች፣ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«ዕፀዬ፣ የፊታችን እሑድ ሽማግሌ ይመጣልኛል» አለች በሹክሹክታ። «ለማህሌት። እዚህ ሁለት ዓመት ይሠራ የነበረ ዳዊት የሚባል ልጅ ነው። ግቢዬን ረግጦ አያውቅም እንጂ ጨዋ ልጅ ነው ትላለች። ነገሩ ሳይቆርጥ ወሬ አይወደድም ብዬ ነው ያልነገርኩሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። ትልቁን ድስትሽን ታውሺኛለሽ? አብረሽኝም ትቆሚያለሽ?»

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ቅያሜ ነው። አሥራ አራት ዓመት በሯን ስጠብቅላት ከእኔ ደበቀች! ቀጥሎ ግን «ከየት ነው የሚመጡት?» አልኳት።

«ከአዳማ።»

ድስቱን አውርጄ ሰጠኋት፣ እልልም አልኩላት። ስትወጣ ደብተሬን ገለጥኩ። አለሙ፣ አዳማ። «አዳማ ስንት ሺህ ሕዝብ አለ! አለሙ የሚባል ሰው ደግሞ ሞልቷል» አልኩና ዘጋሁት። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የልጁ ዘመድ ማንነቱን ሳይናገር መጥቶ የልጅቱን ቤተሰብ እንደሚያጣራ የማላውቅ ሆኜ ነው? የኔም እህት ስትዳር ሰው መጥቶ ጠይቋል። ያን ቀን ተነስቼ ብናገር ኖሮ ገና አምስት ቀን ነበረን። አልተናገርኩም። ፈራሁ።

እሑድ ሳሎኑ ተጠረገ፣ ወንበር ተደረደረ፣ በግ ታርዶ በእኔ ድስት ተሠራ። ማህሌት የአበሻ ቀሚሷን ለብሳ ማድ ቤት ተቀምጣለች፣ ስልኳ ጉልበቷ ላይ ነው። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ሦስት ሰዓት ተብሎ ነበር። አራት ሆነ፣ አምስት ሆነ። መኪና ባለፈ ቁጥር ጸሐይወርቅ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ስምንት ሰዓት ላይ ማህሌት ደወለች፣ አላነሳም። አሥር ሰዓት ላይ ወጡ ቀዘቀዘና ጸሐይወርቅ ክዳኑን ገጠመችው። ማንም አልመጣም።

ሰኞ ከሥራ በኋላ እኔና ጸሐይወርቅ ሳሎን ተቀምጠን ሳለ ማህሌት ገባች። ስልኳን እንደጨበጠች ነው። ዓይኗ ቀልቷል።

«እማዬ፣ ወንድም አለኝ እንዴ?»

«ምን?»

«አጎቱ እዚህ መጥቶ አጣርቷል። ሦስት ሰው ጠይቆ ሦስቱም አንድ ቃል ነው የነገሩት። ሳምሶን የሚባል ወንድም አለሽ፣ ሰው ደብድቦ ታስሮ ነበር፣ እናንተ ግን ትደብቁታላችሁ ተባለ። ዳዊት ለምን ዋሸሽኝ ነው የሚለኝ።»

ጸሐይወርቅ ቀስ ብላ ዞራ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የባሏን ፎቶ አየች። ረጅም ጊዜ አየችው። «ሻሸመኔ ይመላለስ ነበር» አለች ለራሷ። «ለሥራ ነው ይለኝ ነበር።»

ሟቹን ጠረጠረችው! አሥራ አራት ዓመት ጥቁር ያላወለቀችለትን ባሏን፣ እንደሱ ያለ ሰው የለም የምትለውን። ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

«እሱ አይደለም» አልኳት። «ሳምሶንን የወለድኩት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ስለ ክራባቱ፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ኑሪያና ስለ አልአዛር። «ሌባ መስሎኝ ነው፣ ለእናንተ ብዬ ነው» እያልኩ አለቀስኩ። ማህሌት ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጸሐይወርቅ ወደ ማድ ቤት ገብታ ተመለሰች፣ ድስቱን ታጥቦ ሳይደርቅ አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችው።

«ዕቃሽን ውሰጂ» አለችኝ።

ውሃ የሚንጠባጠብ ድስት ታቅፌ መንገዱን ተሻገርኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፣ የኔው ግን እያደር ከበደ።

በማግስቱ ማለዳ ደብተሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ የአዳማ መኪና ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ብርቱካን ብትሰጠኝ እንኳ አልተቀበልኳትም፣ ማን ያውቃል።

አዳማ ደርሼ ቀበሌውን አገኘሁ። ጥግ ላይ ካለው ሱቅ ገብቼ ውሃ ገዛሁና የአቶ አለሙ ቤት የትኛው ነው አልኩ። ባለሱቁ ሽማግሌ ነው። ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

«ከየት ነው የመጡት? ምን ሊያደርጉልዎት ፈልገዋቸው ነው?»

«እንዲሁ ነው» አልኩ። ምን ልበል?

«አቶ አለሙ ከዚህ ሰፈር ከለቀቁ ቆዩ» አለኝ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ቀና ስል በደብተሬ የጻፍኩት የቤት ቁጥር ከመንገዱ ማዶ በር ላይ ተለጥፏል! ተናደድኩ፣ ግን ልፈርድበት አልቻልኩም። ለማንኛውም ዓይኔ ልማዱን አይተውምና ዙሪያውን ቃኘሁ። ከዚያ ወደ በሩ ሄጄ አንኳኳሁ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉ በሩን በግማሽ ከፍተው አስጠበቁኝ። አቶ አለሙ ሲወጡ አወቁኝ፣ ፊታቸው ጠቆረ።

«ሳምሶን የሚባል ሰው የለም» አልኳቸው ገና ሳልቀመጥ። «እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ሁለቱንም ምስክሮች ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ። ማህሌት አልዋሸችም።»

ስጨርስ አቶ አለሙ «እህቴ፣ ያን ጊዜ ዋሽቻለሁ እያልሽኝ ነው» አሉ። «ዛሬ እውነት መናገርሽን በምን ልወቅ? እነሱ ልከውሽ ቢሆንስ?»

እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን ራሴን አላምናትም ነበር።

«ለምን ነበር የዋሹት?» አሉ ወይዘሮ ሙሉ ከኋላ።

«ልጅቱ ስንት ሰዓት ትገባለች፣ በቤቱ ወንድ አለ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ሊዘርፏቸው መስሎኝ ነው። ሁለት ሴቶች ብቻቸውን ናቸው። የለም ብዬ ልንገራቸው?»

ወይዘሮ ሙሉ ወደ ባላቸው ዞሩ። «እንዲህ ብለህ ነው የጠየቅኸው?»

«ማጣራት አይደል? ማንነት አይነገርም...»

«አንተ ሰውዬ! መስኮት ሥር ቁጭ ብለህ ወንድ አለ ወይ ትላለህ? እኔ ብሆን አንድ ሳምሶን አይደለም፣ ሦስት ሳምሶን ነበር የምፈጥርልህ!»

አቶ አለሙ ክራባታቸውን አላሉ። «እዚሁ ግቢ ለሚኖረው ለወንድሜ፣ ለዳዊት አባት፣ አጣርቻለሁ ብዬ ምዬለታለሁ» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «እንግዲህ ማፈሬ ነው። እሑድ እንመጣለን።»

መጡም። ሦስት ሽማግሌዎች ጸሐይወርቅ ሳሎን ገብተው በወጉ መሠረት ሳይቀመጡ ቆሙ። እኔ በሩ ውጭ ቆሜያለሁ፣ ይምጡ ብላ የጠራችኝ ማህሌት ናት፣ እናቷ ዞራም አላየችኝም። አቶ አለሙ ከልመናው በፊት ይቅርታ ጠየቁ። ጸሐይወርቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ «ተቀመጡ» ልትል አፏን ስትከፍት ማህሌት ከማድ ቤት ወጣች። ልጅቱ በዚያ ሰዓት አትወጣም፣ ወጉ አይደለም። ወጣች ግን።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሦስት ሰው ጠይቀዋል፣ አጠፉ አልልም» አለች። «ዳዊት ግን ስልኬ ነበረው። እውነት ነው ወይ ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀኝም። ለምን ዋሸሽኝ ነው ያለኝ። ሦስት የማላውቃቸውን ሰዎች አምኖ እኔን ጠረጠረኝ። ስለዚህ አሁን ተራው የእኔ ነው። እኔም ላጣራ።»

«ማህሌት!» አለች እናቷ።

አቶ አለሙ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ «ተገቢ ነው» አሉ። «ስንት ሰው ትጠይቂያለሽ?»

«ሦስት።»

ሽማግሌዎቹ እሺም እንቢም ሳይባሉ፣ እንደቆሙ ወጥተው ሄዱ። ጸሐይወርቅ በልጇ ተናደደች፣ ግን አልከለከለቻትም።

አመሻሽ ላይ በሬ ተንኳኳ። ማህሌት ናት። ወደ እንግዳው ክፍል ገብታ አቶ አለሙ የተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠችና በመስኮቱ በኩል የራሷን በር አየች።

«እትዬ፣ አዳማ ሄደው የለ?» አለችኝ። «የእነ ዳዊት ሰፈር ሰላም ነው?»

«በጣም ሰላም ነው። ባለሱቁ ፊት ለፊቴ ዋሽቶኛል።»

ከዚያ ሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል «ከቤታቸው ፊት ለፊት የሚከራይ ክፍል ይኖር ይሆን?» አለች።

ደብተሬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። የአቶ አለሙን በር ከማንኳኳቴ በፊት፣ ከበሩ ማዶ ያለው ግድግዳ ላይ «ክፍል ይከራያል» ከሚለው ሥር የተለጠፈውን ስልክ ቁጥር ጽፌው ነበር።